«የትኛው ማርካ ይሻላል?» ላፕቶፕ ለመግዛት ላሰበ አዲስ ምሩቅ



በየዓመቱ የምረቃ ወራት ሲደርስ ጥቍር ካባ የለበሱ ወጣቶች ከወላጆቻቸው መካከል ቆመው ፎቶግራፍ ሲነሡ እናያለን። የተሰጣቸው አበባ ሳይጠወልግ፣ ከድግሱ የተረፈው ድፎ ዳቦም ሳይደርቅ ከየምሩቁ አፍ አንድ ጥያቄ ይወጣል። ይኸውም «ላፕቶፕ ልገዛ አስቤአለሁ፤ ለመሆኑ የትኛው ማርካ ይሻላል?» የሚል ነው። ጠያቂው የሚጠብቀው ባለ አንድ ቃል መልስ ነው። ከተጠያቂዎቹም አንዱ «ኤች ፒ ነው እንጂ!» ይላል፤ ሁለተኛው «ዴልን የሚያህል የለም» ብሎ ይምላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «የአጎቴን ልጅ ቶሺባ አሥር ዓመት አገልግሎታል» ሲል ይመሰክራል። ምሩቁም ሦስት ምስክር ሰምቶ ያለ ፍርድ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ለገበሬ በሬ፣ ለቀድሞ ጸሐፊም የጽሕፈት መኪና እንደ ነበረ ሁሉ፣ ለዛሬ ምሩቅ ላፕቶፕ የሥራ መሣሪያው ነው። የሥራ ማመልከቻው የሚጻፈው፣ ለቅጥር ፈተና የሚጠናው፣ ከተቀጠረም በኋላ ሪፖርቱ የሚዘጋጀው በርሱ ነው። ገንዘቡስ ከወዴት ይመጣል? ከአንዱ ቤት ከበሬ ሽያጭ፣ ከሌላው ቤት እናት ከምትጥለው ዕቁብ፣ ከሦስተኛው ቤት በዐረብ አገር ከምትሠራው እኅት ላብ ይመጣል። በዚህ ላይ መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ላፕቶፕ ሁሉ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ስለ ሆነ ዋጋው አብሮ ናረ። እንግዲህ በዚህ ጊዜ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ገዢ ስሕተቱን ለማረም የሚበቃ ደመወዝ ቶሎ አያገኝም። ስለዚህ ጥያቄውን ረጋ ብለን እንመርምረው።

ስሙና ሠሪው

በመጀመሪያ ማርካ ማለት ምን እንደ ሆነ እንይ። በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም ፋብሪካው ነውን? አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በዓለም ከሚሸጠው ላፕቶፕ የሚበዛውን የሚገጣጥሙት ክዋንታ፣ ኮምፓል፣ ዊስትሮን፣ ኢንቬንቴክ የሚባሉ የታይዋን ኩባንያዎች ናቸው። ስማቸው ከሽፋኑ ላይ ስለማይጻፍ ከኛ ገዢዎች መካከል የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። አንዱ ኩባንያ ለሁለትና ለሦስት ባለስም ነጋዴዎች ይሠራል። እንግዲህ ስለ ኤች ፒና ስለ ዴል የሚከራከሩት ሁለት ባልንጀራሞች፣ ሳያውቁት ከአንድ ፋብሪካ በወጡ መንታዎች ላይ እየተከራከሩ ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ግን ስሙ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ንድፉን የሚያወጣው፣ ዕቃውን የሚመርጠው፣ ዋስትና የሚሰጠውና መለዋወጫ የሚያቀርበው ባለስሙ ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ስም የየራሱ ታሪክ አለው። ቢል ሂውሌትና ዴቪድ ፓካርድ የተባሉት ሁለት ባልንጀሮች በ1939 በአውሮፓ አቈጣጠር ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎ አልቶ በምትባል ከተማ ከአንድ ጋራዥ ውስጥ በ538 ዶላር ሥራ ጀመሩ፤ ኤች ፒ የሁለቱ ስም መነሻ ነው። ማይክል ዴል በ1984 ገና የ19 ዓመት ተማሪ ሳለ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ከመኝታ ክፍሉ ሆኖ በ1,000 ዶላር ንግዱን አቋቋመ። በዚያው በ1984 ዛሬ ሌኖቮ የሚባለው ኩባንያ በቤጂንግ ተመሠረተ።

ስሞችም እንደ ርስት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። አይ ቢ ኤም በ1992 ያወጣው «ቲንክፓድ» የሚባለው ጥቍር ላፕቶፕ ከ2005 ጀምሮ የሌኖቮ ሆኖአል። ኮምፓክ የሚባለውን ዝነኛ ኩባንያ በ2002 ኤች ፒ ጠቀለለው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የቶሺባ ነገር ነው። ይህ የጃፓን ኩባንያ በ1985 ባወጣው ላፕቶፕ ለዓለም ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ ነበር። ነገር ግን በ2018 የኮምፒዩተር ክፍሉን የሚበዛ ድርሻ ሻርፕ ለተባለው ኩባንያ ሸጦ፣ በ2020 የቀረውንም አስረክቦ ከዚህ ንግድ ፈጽሞ ወጣ፤ ሥራው ዛሬ «ዳይናቡክ» በሚል ስም ይሄዳል። እንግዲህ ዛሬ አንድ ሻጭ «ቶሺባ ነው፤ ማርካው የታወቀ ነው» ሲላችሁ፣ ያቀረበላችሁ ዕቃ ብዙ ዓመት የቈየ መሆኑን ዕወቁ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

አንድ አባት፣ ብዙ ልጆች

አሁን ወደ ዋናው ቍም ነገር ደርሰናል። አንድ አባት ብዙ ልጆች ቢኖሩት ሁሉም አንድ ጠባይ አይኖራቸውም፤ የላፕቶፕም ነገር እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ባለስም ኩባንያ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ዘር ያወጣል። አንደኛው ለቤት ሰው ዋጋው እንዲቀል ተብሎ የሚሠራ ነው፤ ሁለተኛው ለመሥሪያ ቤትና ለኩባንያ ሠራተኛ ተብሎ የሚሠራ ነው።

በኤች ፒ ቤት ፓቪሊዮን ለቤት፣ ፕሮቡክና ኤሊትቡክ ለመሥሪያ ቤት ናቸው። በዴል ቤት ኢንስፓይሮን ለቤት፣ ላቲቲዩድ ለመሥሪያ ቤት ነበሩ፤ ዴል በ2025 ስሞቹን መለወጥ ስለ ጀመረ አዲሱ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ «ዴል ፕሮ» ይባላል። በሌኖቮ ቤት አይዲያፓድ ለቤት፣ ቲንክፓድ ለመሥሪያ ቤት ነው። የታይዋኖቹ ኤሰርና ኤሱስም እንደዚሁ ሁለት መስመር አላቸው።

ልዩነቱ ምንድን ነው? የቤቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ክዳኑን ከገላው የሚያያይዘው ማጠፊያ ጥቂት ዓመት ሲከፈትና ሲዘጋ ይላላል። የመሥሪያ ቤቱ ዓይነት ግን ለሦስትና ለአራት ዓመት በየቀኑ ከቦርሳ ሲወጣና ሲገባ እንዲችል ተብሎ የታነጸ ነው። ቍልፎቹ ለብዙ ጽሕፈት ይመቻሉ። ጀርባው በጥቂት ብሎን ይከፈታል፤ የጥገና መጽሐፉንም ሦስቱ ኩባንያዎች ያለ ዋጋ በይፋ ያወጡታል። በውጭ አገር ትልልቅ ኩባንያዎች እነዚህን በሺህ እየገዙ፣ ሦስትና አራት ዓመት አሠርተው በጅምላ ስለሚሸጧቸው ባትሪውም፣ የቍልፍ ሰሌዳውም፣ ቻርጀሩም በገበያ አይታጣም። ሲበላሽ ጠጋኙ ያውቀዋል። ይህ በኛ አገር ከማንኛውም ማስታወቂያ የሚበልጥ ጥቅም ነው።

ስለዚህ «ኤች ፒ ይሻላል ወይስ ዴል?» ከማለት ይልቅ «ከኤች ፒ የትኛው? ከዴልስ የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ። በደንብ የተያዘ ላቲቲዩድ ከርካሹ ኤች ፒ ይበልጣል፤ ደኅና ኤሊትቡክም ከርካሹ ዴል ይበልጣል። ክርክሩ በአባቶቹ መካከል ሳይሆን በልጆቹ መካከል ነው።

የበሬውን ጥርስ ማየት

ከበሬ ገበያ የገባ ገበሬ የሻጩን ቃል ሰምቶ ገንዘቡን አይቈጥርም። አፉን ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ዕድሜው እዚያ ተጽፎአልና። የላፕቶፕ ጥርስ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ቍጥር ነው።

ሻጮች «ኮር አይ 5 ነው»፣ «ኮር አይ 7 ነው» ይላሉ። ይህ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እነዚህን ስሞች ከአሥር ዓመት በላይ ትውልድ እየቈጠረ ሲያወጣቸው ቈይቶአል። ትውልዱን የምታውቁት ከሰረዙ ቀጥሎ ባለው ቍጥር ነው። «አይ 5-8250» የሚል ብታገኙ የመጀመሪያው ቍጥር 8 ስለ ሆነ ስምንተኛ ትውልድ ነው። «አይ 5-3320» ቢል ሦስተኛ ትውልድ ነው። ቍጥሩ በ1 የሚጀምር ከሆነ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቍጥሮች አብራችሁ አንብቡ፤ «1135» ዐሥራ አንደኛ ትውልድ፣ «10210» ዐሥረኛ ትውልድ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ሦስተኛው ትውልድ የወጣው በ2012፣ ስምንተኛው በ2017 ነው። በቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ይገጠም የነበረው የሦስተኛው ትውልድ አይ 7 ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው፣ የስምንተኛው ትውልድ አይ 5 አራት ኮር አለው። ስለዚህ በስም ታናሽ የሆነው በሥራ ይበልጣል።

ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የኖረውን መደበኛ የጥበቃ ማደሻ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት፣ ማለት በአውሮፓ አቈጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሞአል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ኤ ኤም ዲ የሚባለው የሌላው ኩባንያ ፕሮሰሰር፣ ስሙ ራይዘን የሚለው፣ ቍጥሩ ከ4000 ጀምሮ ከሆነ አያሳስባችሁም። ዊንዶውስ 11 የማይቀበለውን የሚገዛ ሰው ወይ ማደሻ በማያገኝ ቤት ይኖራል፤ ወይም ሊኑክስ የሚባለውን ያለ ዋጋ የሚገኝ ሥርዓት መልመድ አለበት። ሊኑክስ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ተገድዶ ሳይሆን ወድዶ የሚገባበት ሊሆን ይገባል።

አንዲት የማውቃት ወጣት በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ እናቷ የዕቁብ ዕጣ ሲወጣላቸው «ኮር አይ 7» የሚል አንጸባራቂ ምልክት የተለጠፈበት ላፕቶፕ ገዛች። ሻጩ ደረሰኝ አልሰጣትም፤ ቍጥሩንም አላየችም። ቤት ወስዳ ሥራ ስትጀምር ሦስት ፋይል አንድ ላይ ሲከፈት መኪናው እንደ ደከመ አህያ ይቆማል። የሚያውቅ ሰው ገልጦ ቢያየው ሦስተኛ ትውልድ ሆኖ ተገኘ። ልትመልስ ብትሄድ «ከእጅ የወጣ ዕቃ አንቀበልም» ተባለች። በመጨረሻ በግማሽ ዋጋ ሸጠችው። እናቲቱ «ለበጎ ነው ልጄ» አሉ፤ የሚቀጥለው ዕጣ ግን ገና አንድ ዓመት ይቀረው ነበር። ቍጥሩን ለማንበብ የሚያስፈልገው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ሥራችሁ ምንድን ነው?

ጫማ በእግር ልክ እንደሚገዛ ላፕቶፕም በሥራ ልክ ይገዛል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሠንጠረዥ የሚሠራና ኢሜይል የሚልክ ሰው ኃይለኛ መኪና አያስፈልገውም። ለርሱ 8 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚከፍት ወይም ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን 16 ጊጋባይት ቢያገኝ ይሻለዋል። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ከቦርዱ ጋራ ስለሚበየድ ኋላ መጨመር አይቻልም፤ ስለዚህ «ራሙ ይጨመራል ወይ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዕቃ ማከማቻውን በሚመለከት ምክሬ አጭር ነው፤ ኤስ ኤስ ዲ ያልሆነውን አትግዙ። የድሮው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሰሌዳ ያለው ስለ ሆነ ይዘገያል፤ ከወደቀም ይጎዳል። ኤስ ኤስ ዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። 256 ጊጋባይት ለመነሻ ይበቃል። በእጃችሁ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነና አዲስ ለመግዛት ዐቅም ከሌላችሁ፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ መለወጥ ብቻውን ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ሙያችሁም ምርጫውን ያጠብባል። ሒሳብ ሠራተኞቻችን የለመዱት ፒችትሪ፣ ዛሬ ሴጅ 50 የተባለው፣ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። መሐንዲሶችና የሕንፃ ነዳፊዎች የሚጠቀሙባቸው ሬቪትና ኢታብስም እንደዚሁ ናቸው፤ ለነዚህ ከ16 ጊጋባይት ራም ጋራ ለብቻው የቆመ ግራፊክስ ካርድ ያለው ቢገኝ መልካም ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙ መሥሪያ ቤት የቈዩት የአማርኛ ጽሑፎች በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ናቸው፤ እርሱም ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። በአዲሱ የዩኒኮድ ሥርዓት ለመጻፍ ግን ኪይማን በሚባለው ያለ ዋጋ በሚገኝ ፕሮግራም በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ላይ ፊደላችንን መጻፍ ይቻላል።

ስለ አፕል ማክቡክ የሚጠይቁኝም ጥቂት አይደሉም። በ2020 የወጣው ኤም 1 የሚባለው የአፕል የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ማክቡክ ኤር ማራገቢያ የሌለው፣ ድምፅ የማያሰማ፣ ባትሪው ብዙ ሰዓት የሚቆይ ግሩም ዕቃ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ራሙም ማከማቻውም አይጨመርም፤ ጥገናው ውድ ነው፤ ከላይ የጠቀስናቸው የዊንዶውስ ፕሮግራሞችም እንዳሉ አይጫኑበትም። ለቪዲዮና ለሥዕል ሠራተኛ ይመከራል፤ ለሒሳብ ሠራተኛና ለመሐንዲስ አይመከርም። የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውን የድሮ ማክቡክ ግን አትግዙ። አፕል በ2025 ያወጣው የማክ ሥርዓት ለኢንቴል ማኮች የመጨረሻው መሆኑን ራሱ አስታውቆአልና።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ወጣት ሁሉ በካርቶን የታሸገ አዲስ ዕቃ መክፈት ያስደስተዋል። ሆኖም ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ አዲሱ ዕቃ የሚገኘው ከርካሹ መደብ ብቻ ነው። ሴሌሮን የሚባል ደካማ ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ያለው አዲስ ላፕቶፕ ከካርቶኑ ሲወጣ ያምራል፤ በስድስተኛው ወር ግን ያስለቅሳል። በዚያው ዋጋ ወይም ከዚያ ጥቂት ጨምሮ ከውጭ አገር አገልግሎ የመጣ ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድ ወይም ኤሊትቡክ ማግኘት የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ገንዘቡ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ አዲሱን ከነዋስትናው መግዛት የሚከለክል የለም፤ ዋስትናው እዚሁ አገር የሚሠራ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ባሕር ማዶ ብቻ የሚሠራ ዋስትና በወረቀት ላይ እንደ ተሣለ እንጀራ ነው።

ያገለገለውን ለመግዛት ለቈረጠ ሰው ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት የተተረተው ለርሱ ነው። ስለዚህ ከሱቁ ጠረጴዛ ፊት ቆማችሁ ሳትቸኵሉ የሚከተለውን አድርጉ።

አንደኛ፤ ሻጩ ከሚነግራችሁ ይልቅ መኪናው ራሱ የሚናገረውን እመኑ። በዊንዶውስ ውስጥ ስለ መኪናው የሚገልጸውን ገጽ አስከፍታችሁ የፕሮሰሰሩን ቍጥርና የራሙን መጠን አንብቡ። ከውጭ የተለጠፈ ምልክት በማንም እጅ ሊለጠፍ ይችላል።

ሁለተኛ፤ ከበስተጀርባው የተጻፈውን መለያ ቍጥር በስልካችሁ ከፍታችሁ በሠሪው ኩባንያ ድረ ገጽ ላይ ጠይቁ። ሞዴሉንና የዋስትናውን ሁኔታ ይነግራችኋል፤ ከዚያም ዕድሜውን ትገምታላችሁ።

ሦስተኛ፤ ባትሪውን መርምሩ። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት ትእዛዝ አለው፤ ጠጋኙም ሻጩም ያውቁታል። በዚያ ሪፖርት ላይ ሁለት ቍጥሮች ታገኛላችሁ፤ አንዱ ባትሪው ሲሠራ የነበረው ዐቅም፣ ሁለተኛው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 25,000 ቢሆን ግማሹ ሞቶአል ማለት ነው፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስላችሁ። ቻርጀሩንም ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል በባትሪ ብቻ አሠሩት።

አራተኛ፤ መኪናው የተቈለፈ አለመሆኑን አረጋግጡ። ሲነሣ በኤች ፒ «ኤፍ 10»፣ በዴል «ኤፍ 2»፣ በቲንክፓድ «ኤፍ 1» የሚለውን ቍልፍ ብትጫኑ ባዮስ የሚባለው የውስጥ ገጽ ይከፈታል። የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ ተዉት። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ከኢንተርኔት ጋራ ሲገናኝም የአንድ የውጭ ኩባንያ ስም አውጥቶ የኩባንያውን ኢሜይል ቢጠይቅ፣ መኪናው ከዚያ ኩባንያ መዝገብ አልተሰረዘምና አትግዙት። በማክቡክም የቀድሞው ባለቤት መለያ ያልወጣለት ከሆነ አትንኩት።

አምስተኛ፤ እጃችሁንና ዓይናችሁን ተጠቀሙ። ቍልፎቹን አንድ በአንድ ምቱ። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑ ላይ ጠቃጠቆ መኖሩን እዩ፤ ጥራቱም 1920 በ1080 ቢሆን ለዓይን ይመቻል። ክዳኑን ከፍታችሁ ዝጉ። ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ዋይ ፋዩን፣ ፍላሽ የሚሰካበትን ቀዳዳ ሁሉ ሞክሩ። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን ተመልከቱ።

ስድስተኛ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በደረሰኙም ላይ ሞዴሉ፣ መለያ ቍጥሩና ሻጩ በቃሉ የሰጠው የዋስትና ጊዜ ይጻፍበት። «እኛ እኮ እንተዋወቃለን» የሚለው ቃል በክርክር ጊዜ አይጠቅስም፤ ወረቀት ግን ይመሰክራል። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚከለክላችሁ ሻጭ ካለ፣ እምቢታው ራሱ መልስ ነውና አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

ከተገዛ በኋላ

የተገዛ በሬ ሣር ካላገኘ አያርስም። ላፕቶፑን ከጋቢ ወይም ከብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣችሁ አትሥሩ፤ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ተደፍኖ ይግላል። አቧራውን በዓመት አንድ ጊዜ ጠጋኝ ያጽዳላችሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የኃይሉ መጠን ስለሚዋዥቅ የኃይል መከላከያ ባለው ማከፋፈያ ሰክታችሁ ሥሩ። ባትሪው ሁልጊዜ እስኪያልቅ መጨረስ፣ ደግሞም ቀኑንና ሌሊቱን በቻርጀር ላይ ሰክቶ መተው ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ከሁሉም በላይ ጽሑፋችሁን በአንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። ላፕቶፕ ይሰረቃል፤ ቡና ይፈስበታል፤ ይወድቃል። ዕቃው በገንዘብ ይተካል፤ የሁለት ዓመት ሥራ ግን በገንዘብ አይተካም። ለዚህ የሚሆን ውጫዊ ዲስክ ወይም በኢንተርኔት ላይ ያለ ማከማቻ ከግዢው ቀን ጀምሮ አዘጋጁ። ስለዚህም ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ለላፕቶፑ አታውሉት፤ ከአሥር እጅ አንዱን ለባትሪ፣ ለዲስክና ለደኅና ቦርሳ አስቀሩ።

እንግዲህ የትኛው?

አንባብያን ሆይ! «ብዙ አወራህ፤ ግን የትኛው ማርካ እንደሚሻል አልነገርኸንም» እንዳትሉኝ መልሴን በግልጥ እሰጣለሁ።

ለአብዛኛው አዲስ ምሩቅ የሚሻለው ከመሥሪያ ቤት ዓይነት የሆነ፣ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ፣ ቢያንስ 8 ቢቻል 16 ጊጋባይት ራምና ኤስ ኤስ ዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ስሙ ቲንክፓድ ቢሆን፣ ላቲቲዩድ ቢሆን፣ ኤሊትቡክ ቢሆን ሦስቱም ከወንድማማች አይለዩም። በሦስቱ መካከል ስትመርጡ ባትሪው ደኅና የሆነውን፣ ማጠፊያው ያልላላውን፣ ገላው ያልተጎዳውንና ደረሰኝ የሚሰጣችሁን ሻጭ ምረጡ። ገንዘብ የተረፈው ሰው እዚሁ አገር የሚሠራ ዋስትና ያለውን አዲሱን ይግዛ። ሥራው ሥዕልና ቪዲዮ የሆነ፣ ጥገናውንም የሚችል ሰው ኤም 1 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣውን ማክቡክ ይውሰድ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያዎቹ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሮች ከሆኑት አንዱ፣ በ1981 የወጣው ኦዝቦርን 1፣ ክብደቱ 11 ኪሎ ያህል፣ ስክሪኑ አምስት ኢንች፣ ዋጋው 1,795 ዶላር ነበር፤ ባትሪም አልነበረውም። እናንተ «ይህማ አሮጌ ነው» የምትሉት የስምንተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ከዚያ ጋራ የሚወዳደር አይደለም። መጽሐፍ ይጻፍበታል፤ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ይዘጋበታል፤ ድልድይ ይነደፍበታል። መሣሪያው ከበቂ በላይ ነው። አባት የሸጡት በሬና እናት የጣሉት ዕቁብ የሚመለሰው በሽፋኑ ላይ ባለው ስም አይደለም፤ ክዳኑ ተከፍቶ በሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከመቍጠራችሁ በፊት ቍጥሩን አንብቡ።